የአስካለ ወንበር

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፤ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ የወይዘሮ ዘነበወርቅ በረንዳ፤ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ የካርታ ጠረጴዛ፣ አምስት ወንበር፤ ከሚልኪያስ በቀር ተጫዋቾቹ፣ ጋሽ ዘርጋው፣ ሙክታርና ሲስተር አመለወርቅ፣ ገና አልመጡም።

ሚልኪያስ፦ አንድ ስልክ ነው እትዬ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። «ልጁ ጨዋ ነው፣ ካርታ ያውቃል፣ አስቀምጡት» ይበሏቸው፤ ሌላ ምንም አልለምንዎትም።

ዘነበወርቅ፦ ጨዋነትህን እመሰክራለሁ።

ሚልኪያስ፦ ካርታውንስ?

ዘነበወርቅ፦ ወንበርህን ከፀሐዩ ሳብ አድርግ። ፊትህ ቀላ።

ሚልኪያስ፦ ወሬ እየቀየሩብኝ ነው።

ዘነበወርቅ፦ ኢንጂነር ገብረየስ የሟቹ ባሌ ጓደኛ እንጂ የእኔ አይደለም። አሥር ዓመት ሙሉ ለበዓል እንኳ ደውዬለት አላውቅም። ዛሬ ብድግ ብዬ «አዲስ አበባ ድረስ ቁማርተኛ ልላክልህ» ልበለው?

ሚልኪያስ፦ ቁማርተኛ አይደለሁም።

ዘነበወርቅ፦ እና ምንድን ነህ?

ሚልኪያስ፦ ተጫዋች። ቁማርተኛ ዕድሉን ይጠብቃል፤ ተጫዋች ሌላው ሰው እስኪሳሳት ይጠብቃል። እኔ ሃያ ጊዜ ቢታደለኝ አሥራ አምስቱን ሳልነካ እጥላለሁ። አልናደድም። የተበላሁትን ላስመልስ ብዬ ከሰዓቴ በላይ አልቀመጥም። ትልቅ ገንዘብ አልፈልግም እትዬ። ትንሽ፣ ግን በየወሩ የማይቀር። እንደ ደመወዝ።

ዘነበወርቅ፦ ደመወዝ አለህ እኮ።

ሚልኪያስ፦ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ሚዛን ላይ ወጥቶ እስኪወርድ ቆሜ ቁጥር የምጽፍበት ማለትዎ ነው? እሱ ለቤት ኪራይና ለምግብ ነው። የእናቴን መድኃኒት የሚገዛው ይሄ ጠረጴዛ ነው። ስምንት ወር ሆነኝ። ስድሳ ሁለት ጊዜ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ተበልቼ የተነሣሁት አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው። በወር ከሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር በታች ይዤ ገብቼ አላውቅም። ይሄ ዕድል አይባልም።

ዘነበወርቅ፦ አይባልም።

ሚልኪያስ፦ እርስዎም አመኑ ማለት ነው።

ዘነበወርቅ፦ ዕድል አይባልም ነው ያልኩት።

ሚልኪያስ፦ የኢንጂነሩ ቤት ከሰኞ እስከ ዓርብ ይጫወታሉ ብለውኛል። መነሻው ሃምሳ ብር ነው፤ የእኛ አምስት እጥፍ ማለት ነው። ሰዎቹ ነጋዴዎች ናቸው፣ ለመዝናናት ነው የሚመጡት። እዚህ በሳምንት ሁለት ቀን የማገኘውን እዚያ በአምስት ቀን፣ በአምስት እጥፍ ያስቡት። ሌሊቱን ሙሉ ሳሰላው ነው ያደርኩት። ሰኞ ጠዋት የመልቀቂያ ደብዳቤዬን አስገባለሁ። ይኸው፣ ኪሴ ውስጥ ነው። የሰባት ዓመት ፕሮቪደንት ፈንዴን ሲሰጡኝ በእሱ እጀምራለሁ።

ዘነበወርቅ፦ እናትህስ?

ሚልኪያስ፦ አክስቴ ከሐረር መጥታ ትቀመጣለች። ሦስት ወር ብቻ። ከዚያ ቤት ተከራይቼ እወስዳታለሁ። አዲስ አበባ እጅና እግር የሚያሠሩ ባለሙያዎች አሉ።

ዘነበወርቅ፦ ፕሮቪደንት ፈንዱ በሁለት ሳምንት ቢያልቅስ?

ሚልኪያስ፦ አያልቅም።

ዘነበወርቅ፦ ፋብሪካው መልሶ አይቀጥርህም። ለአንተ ቦታ ሰባት ሰው በር ላይ ቆሞ እንደሚውል ራስህ ነህ የነገርከኝ።

ሚልኪያስ፦ ለዚህ ነው ደግመው ደጋግመው የማስቸግርዎት። እንዲያው በነሲብ አልሄድም፤ ዋስ የሚሆነኝ ሰው ያስፈልጋል። ጋሽ ዘርጋውን አማክረዋል?

ዘነበወርቅ፦ ትናንት መጥቶ ነበር። ነገርኩት።

ሚልኪያስ፦ ምን አሉ?

ዘነበወርቅ፦ «ደውይለት» አለ። «ይሂድ» አለ።

ሚልኪያስ፦ ይኸው። ሠላሳ ዓመት የባቡር ጣቢያ ሹም የነበሩ ሰው ናቸው። ማን መሄድ እንዳለበት እሳቸው ካላወቁ ማን ያውቃል?

ዘነበወርቅ፦ «ይሂድልን፣ እኛም እንረፍ» ነው ያለው።

ሚልኪያስ፦ እውነታቸውን ነው። ከማንም የበለጠ የበላሁት እሳቸውን ነው። ያሳዝኑኛል አንዳንዴ። ግን ጨዋታ ነው።

ዘነበወርቅ፦ ሚልኪ።

ሚልኪያስ፦ አቤት።

ዘነበወርቅ፦ ካርታ አታውቅም።

ሚልኪያስ፦ ምን አሉ?

ዘነበወርቅ፦ የሰማኸውን። ደንቡን ታውቃለህ። ቁጥሩን ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ። ካርታ ግን አታውቅም።

ሚልኪያስ፦ ስድሳ ሁለት ጊዜ።

ዘነበወርቅ፦ ስድሳ ሁለቱንም ጊዜ ፊት ለፊትህ ነበርኩ።

ሚልኪያስ፦ እንግዲያው ያድሉ። አሁኑኑ፣ ሰዎቹ ሳይመጡ። ያሸነፍኩ እንደሆነ ይደውላሉ።

ዘነበወርቅ፦ ክብሪቱን ከመስኮቱ ላይ አምጣው። ለአንተ ሃያ፣ ለእኔ ሃያ። የእኔ ቀድሞ ካለቀ እደውላለሁ፤ ያውም «እንዲህ ያለ ተጫዋች አይቼ አላውቅም» ብዬ።

ሚልኪያስ፦ ቃልዎ ነው?

ዘነበወርቅ፦ በውዝ።

ሚልኪያስ፦ አምስት ለእርስዎ፣ አምስት ለእኔ። ስንት ይቀይራሉ?

ዘነበወርቅ፦ ሦስት።

ሚልኪያስ፦ እኔ ሁለት። እ... ያ የወገብዎ ነገር እንዴት ሆነ እትዬ? ተሻለዎት?

ዘነበወርቅ፦ ደህና ነው። ጣልኩ።

ሚልኪያስ፦ ገና ሳልጨምር?

ዘነበወርቅ፦ ጣልኩ። መነሻዋን አንድ ክብሪት ውሰድ።

ሚልኪያስ፦ ሦስት ንጉሥ ይዤ አንድ ክብሪት። ይሁን። ያድሉ።

ዘነበወርቅ፦ ስንት ትቀይራለህ?

ሚልኪያስ፦ አንድ። አምስት ጨመርኩ።

ዘነበወርቅ፦ አየሁህ። አምስት ይኸው።

ሚልኪያስ፦ በምን?

ዘነበወርቅ፦ በሁለት ሰባት። አንተስ?

ሚልኪያስ፦ በሁለት ሰባት ማንም ሰው አምስት ክብሪት አያስገባም እትዬ። ስሌቱ አይፈቅድም።

ዘነበወርቅ፦ አንተ ምን ይዘህ ነው?

ሚልኪያስ፦ ምንም።

ዘነበወርቅ፦ ታዲያ ሁለት ሰባት በዛ እንጂ። በውዝ።

ሚልኪያስ፦ አሁን አምስት ልቀይር ነው? እሺ። ሁለቱን ብቻ። ስድስት ጨመርኩ።

ዘነበወርቅ፦ አየሁ። ሁለት ዘጠኝ።

ሚልኪያስ፦ በልተዋል።

ዘነበወርቅ፦ ስንት ቀረህ?

ሚልኪያስ፦ ስምንት። አንድ ጊዜ እንኳ ጥሩ ካርታ ቢመጣልኝ። ቆይ፣ ይሄኛውን እንየው። አልቀይርም። ሙክታርስ? ስኳሩ ወረደለት? ሰሞኑን ከፋርማሲው ሳልፍ አጥቼው ነበር።

ዘነበወርቅ፦ ጣልኩ።

ሚልኪያስ፦ እንዴት?

ዘነበወርቅ፦ ጣልኩ አልኩህ። ክብሪትህን ውሰድ።

ሚልኪያስ፦ አምስቱም አንድ ዓይነት ነበር። አምስቱም ልብ። ስምንት ወር ሙሉ አምስት ልብ መጥቶልኝ አያውቅም፣ እርስዎ ደግሞ ጣሉ። ከጀርባው ምልክት አለው እንዴ ካርታው?

ዘነበወርቅ፦ ካርታው ምልክት የለውም። አንተ ነህ ያለህ።

ሚልኪያስ፦ እኔ? ምን አደረግሁ? ፊቴን መስታወት ፊት ተቀምጬ ስንት ቀን አጥንቻለሁ። ቅንድቤ አይንቀሳቀስም። እጄን ጠረጴዛው ላይ ነው የማስቀምጠው።

ዘነበወርቅ፦ ቅንድብህ ምንም አላደረገም። ጥሩ ካርታ ሲገባልህ የሰው ጤና ትጠይቃለህ።

ሚልኪያስ፦ ምን?

ዘነበወርቅ፦ እንዳይታወቅብህ ብለህ ነው መሰለኝ። ዘና ያልክ ለመምሰል። የዘርጋው ጉልበት፣ የሙክታር ስኳር፣ የሲስተር አመለወርቅ ዓይን፣ የእኔ ወገብ። ባዶ እጅህን ሆነህ ስታስፈራራ ደግሞ ማንንም አትጠይቅም፤ ዝም ብለህ ትጨምራለህ። የመጀመሪያው ቀን፣ ገና ሁለተኛው ካርታ ላይ ነው ያወቅንብህ።

ሚልኪያስ፦ ያወቅንብህ?

ዘነበወርቅ፦ አድል።

ሚልኪያስ፦ ያወቅንብህ ነው ያሉት። እናንተ ማናችሁ?

ዘነበወርቅ፦ አድል፣ ጨርስ ጨዋታህን።

ሚልኪያስ፦ ስንት ይቀይራሉ?

ዘነበወርቅ፦ አንድ።

ሚልኪያስ፦ እኔ ሦስት። ያለኝን ሁሉ ጨመርኩ። የደም ግፊትዎስ እትዬ? መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳሉ?

ዘነበወርቅ፦ እወስዳለሁ። አየሁ። በሁሉም።

ሚልኪያስ፦ ምንም አልያዝኩም።

ዘነበወርቅ፦ አውቃለሁ። አሁን መልሴን ሰማህ። የእውነት ጥሩ ካርታ ሲኖርህ ትጠይቅና መልሱን አትሰማም። ባለፈው ወር ዘርጋው «ጉልበቴን ሊቆርጡት ነው» ቢልህ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለህ ሃያ ብር ጨመርክ። ሲስተር ሳቋን ለመያዝ ወደ ጓዳ ገባች።

ሚልኪያስ፦ እሺ። ጥሩ። ጉድለት ነው። ጉድለት ይታረማል። እንዲያውም ውለታ ዋሉልኝ። አንድ ወር ቢበቃኝ ነው። እና አምስት ካርታ በአንድ ቀን ምንም ማለት አይደለም እትዬ፤ ስልኬ ላይ የሚያስተምሩት ሰዎች የመጀመሪያ ትምህርታቸው ይሄ ነው። በአንድ ቀን ማንም ማንንም ይበላል። ሰው የሚለካው በብዙ ቀን ነው። የእኔ ብዙ ቀን ስድሳ ሁለቱ ነው።

ዘነበወርቅ፦ ስድሳ ሁለቱን እንዴት የበላኸን ይመስልሃል፤ ምልክትህን ሁላችንም እያወቅን? ስትጠይቀን እናስገባለን። ሳትጠይቅ ስትጨምር እንጥላለን። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሚልኪያስ፦ አልገባኝም።

ዘነበወርቅ፦ ገብቶሃል።

ሚልኪያስ፦ እያወቁ? ጋሽ ዘርጋው?

ዘነበወርቅ፦ ዘርጋው በተለይ።

ሚልኪያስ፦ ለምን?

ዘነበወርቅ፦ እናትህ የወደቀች ሰሞን አራታችን ተዋጥተን ፖስታ ይዤልህ መጣሁ። ደጁ ላይ ቆመህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?

ሚልኪያስ፦ አላስታውስም።

ዘነበወርቅ፦ «እናቴ አልሞተችም፤ መዋጮው ይቆይ» አልከኝ። ፖስታውን በሁለት እጅህ ነው የመለስክልኝ፣ በአክብሮት። ጎንበስ ብለህ። እኔ እዚህ ተመልሼ ነገርኳቸው። ሲስተር «የመድኃኒቱ ዝርዝር ይሄውና» ብላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እሷ ናት ከሆስፒታሉ የገለበጠችው። ሙክታር ደመረው። ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ምናምን መጣ። ሳምንቱን ጠበቅንና «የእናትህ ወንበር ባዶ ነው፣ ለጨዋታው አምስተኛ ሰው ቸግሮናል» ብዬ ላክሁብህ።

ሚልኪያስ፦ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ።

ዘነበወርቅ፦ አዎ። መቶዋ ለታክሲ ናት።

ሚልኪያስ፦ አሥራ አንድ ቀንስ? የተበላሁባቸው አሥራ አንድ ቀናትስ?

ዘነበወርቅ፦ እንዳትነቃ። ከስድስት አንድ ቀን ትሸነፋለህ፤ ደንቡ ነው። ከአሥራ አንዱ አንዱ ግን ስህተት ነው። ሲስተር ተራዋን ረስታ ያን ቀን ሦስት ጊዜ ተከታትላ በላችህ። ታስታውሳለህ? ዝናብ የጣለ ቀን። አንተ ከወጣህ በኋላ ዘርጋው ምን እንዳላት ቢነግሩህ አታምንም። ምስኪን፣ «ጥሩ ካርታ መጥቶልኝ እኮ ነው» እያለች አለቀሰች።

ሚልኪያስ፦ ተራ አላችሁ?

ዘነበወርቅ፦ በተራ ነው የምንሸነፈው። ካልሆነ አንዱ ላይ ይበረታል።

ሚልኪያስ፦ የእኔስ? ከስድሳ ሁለቱ የእኔ የሆነ ቀን የለም? አንዱ ቀን እንኳ የራሴ ነው አይደል? ያ ሙክታር ሦስት አስ ይዞ እኔ አራት ስምንት የያዝኩበት ቀን፤ ያንን ማንም ሊያዘጋጀው አይችልም።

ዘነበወርቅ፦ ካርታው የራስህ ነው። ሙክታር ግን ስለ ስኳሩ ጠይቀኸው ነበር።

ሚልኪያስ፦ ሌላ ቀንስ?

ዘነበወርቅ፦ አላውቅም ልጄ። የእውነት በልተኸን የሄድክበት ቀን ይኖር ይሆናል። ሁላችንም እየጣልን በምን እንወቀው? አንተም አታውቀውም፣ እኛም አናውቀውም።

ሚልኪያስ፦ ስድሳ ሁለት ቀን ተቀምጬ አንድም ቀን አልተጫወትኩም።

ዘነበወርቅ፦ እንዲህስ አትበለው።

ሚልኪያስ፦ እንዴት ልበለው? የጋሽ ዘርጋው ጡረታ ስንት ነው?

ዘነበወርቅ፦ እሱን አትጠይቀኝ።

ሚልኪያስ፦ «ይሂድልን፣ እኛም እንረፍ» ያሉት ለዚህ ነው።

ዘነበወርቅ፦ በክፋት አይደለም። ደክሞት ነው። ጫማውን ካየህ ባለፈው ዓመት የነበረው ነው። ትናንት እዚሁ ቁጭ ብሎ ስልኩን እያስጠጋልኝ «በራሱ ፈቃድ ልሂድ ካለ የእኛ ኃጢአት አይደለም» አለኝ። ሲስተርም ብትጠየቅ ከእሱ ጋር ናት። ብደውል ለሁላችንም ይቀለን ነበር፤ ለእኔም። አንስቼው ነበር ስልኩን። ሁለት ጊዜ ጠራ። እሱ ሳያነሣው ዘጋሁት።

ሚልኪያስ፦ ለምን ዘጉት?

ዘነበወርቅ፦ እነዚያ ሰዎች አንተን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጨርሱሃል። የማንም ጉልበት እንዴት እንደሆነ ደንታ የላቸውም።

ሚልኪያስ፦ እናቴ ታውቃለች?

ዘነበወርቅ፦ ማንም አልነገራትም።

ሚልኪያስ፦ ያልጠየቅሁዎትን ነው የመለሱልኝ።

ዘነበወርቅ፦ ማታ ገብተህ ጨዋታውን ትነግራታለህ?

ሚልኪያስ፦ እያንዳንዱን ካርታ። ትራሷን ከፍ አድርጌላት፣ ማን ምን እንደያዘ፣ ስንት እንደጨመርኩ። ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ስጨርስ ትስቃለች። በግራ በኩል ብቻ ነው የምትስቀው፣ ቀኙ አይታዘዝላትም። እኔ ደስ ብሏት መስሎኝ።

ዘነበወርቅ፦ ደስ ብሏት ነው።

ሚልኪያስ፦ እትዬ።

ዘነበወርቅ፦ ምን ላድርግህ? ዘዴው የራሷ ነው። የሙክታር ፋርማሲ የተቃጠለ ጊዜ እሱም እንደ አንተ እጁን አልዘረጋም። ባዶ መደርደሪያ ውስጥ ቆሞ «አላህ ይሰጣል» እያለ ሁላችንንም አባረረን። ያኔ ነው እናትህ ሐሳቡን ያመጣችው። እሱ ገና ሳይገባ እዚች ጋ ተቀምጣ ደንቡን አንድ በአንድ ነገረችን፦ በተራ፣ በዝግታ፣ ከስድስት አንድ ቀን እሱ ይሸነፍ፣ ስንሸነፍ እንናደድ፣ ለማንም ቃል አይወጣም። ከየት እንዳመጣችው እንጃ። ዘርጋው ሳቀ። «ይሄንንስ እናውቅበታለን» አለ። ለምን እንደሳቀ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ተሸነፍንለት፣ ሱቁን ከፈተ።

ሚልኪያስ፦ ሙክታር አወቀ?

ዘነበወርቅ፦ ሙክታር? ያን ዓመት ከጅቡቲ እስከ አዋሽ የሚስተካከለኝ አልነበረም እያለ ነው እስከ አሁን የሚያወራው። አሁን ለአንተ ሲሸነፍ እንኳ «እኔ በደጉ ዘመኔ ለዚህ ልጅ አልበገርም ነበር» ይለናል። ምን ልትለው ትችላለህ?

ሚልኪያስ፦ ምንም።

ዘነበወርቅ፦ ምንም።

ሚልኪያስ፦ ታዲያ በዚህ ጠረጴዛ በእውነት ያሸነፈ ሰው የለም ማለት ነው። የተበላችሁት ሁሉ የሰጣችሁት ነው።

ዘነበወርቅ፦ የለም አይባልም። በእውነት ማሸነፍ አለ፤ እኔ አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው አንተን ሳይህ ልዩነቱ የሚታየኝ።

ሚልኪያስ፦ እርስዎ?

ዘነበወርቅ፦ ባሌ የሞተ ዓመት። ጥቁሬን እንኳ አላወለቅሁም። ቤት ሆኜ ከማለቅስ ብዬ ነበር ካርታ የያዝኩት፤ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ሁሉን ነገር ማየት ጀመርኩ። የሰው እጅ ውስጥ ያለው ካርታ ከጀርባው ይታየኝ ነበር ብልህ ውሸት አይደለም። ሐዘን ሰውን እንደ ቢላ ይስለዋል መሰለኝ። የልጄን የሰላምን የኮሌጅ ክፍያ የጨረስኩት ከዚህ ጠረጴዛ ላይ በማገኘው ነው፤ ከማንም ሳልለምን፣ የባሌን ሰዓት ሳልሸጥ። ከዚያ በፊት እንዲያ ተጫውቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላም አልተመለሰልኝም። ግን አንድ ዓመት ነበረኝ። ሰው አንድ ዓመት ይበቃዋል።

ሚልኪያስ፦ ሁልጊዜ ያሸንፉ ነበር?

ዘነበወርቅ፦ ሁልጊዜማ አይሆንም። አልፎ አልፎ እሸነፍ ነበር።

ሚልኪያስ፦ ስንት ቀን አንዴ?

ዘነበወርቅ፦ ማን ቆጥሮት። ከአምስት፣ ከስድስት አንድ ቀን ቢሆን ነው።

ሚልኪያስ፦ ከሙክታር ቃጠሎ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ዘነበወርቅ፦ በሁለት ዓመት ይቀድማል። ምነው?

ሚልኪያስ፦ እናቴ ያኔ እዚህ ትቀመጥ ነበር?

ዘነበወርቅ፦ ፊት ለፊቴ። ያን ዓመት አስካለን ብታያት። ካርታዋን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ «ዛሬም ራቁታችንን ሰደደችን» ትላለች። እኔ ደግሞ ሳላውቀው ስስቅ እገኛለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ የሳቅሁት የመጀመሪያ ሳቅ እሱ ነበር። ለምን ጠየቅኸኝ?

ሚልኪያስ፦ እንዲያው ነው።

ዘነበወርቅ፦ እንዲያው አይደለም። ፊትህ ተለወጠ።

ሚልኪያስ፦ ሙቀቱ ነው እትዬ።

ዘነበወርቅ፦ አንድ ነገር ልትለኝ ነው። በለው።

ሚልኪያስ፦ እናቴ ደኅና በነበረች ጊዜ ስለዚያ ዓመት አውርታኝ ነበር ልልዎት ነው። አሁን ነው ትዝ ያለኝ።

ዘነበወርቅ፦ ስለ እኔ?

ሚልኪያስ፦ ስለ እርስዎ። «ያን ዓመት ዘነበወርቅን የሚችላት አልነበረም» ትል ነበር። «ምን ብናደርግ አልቻልናትም» ትል ነበር።

ዘነበወርቅ፦ አስካለ እንዲህ ብላለች?

ሚልኪያስ፦ ስንት ጊዜ።

ዘነበወርቅ፦ ለእኔ አንድም ቀን ብላኝ አታውቅም። ኩሩ ናት እናትህ። ሰው ማመስገን አይሆንላትም። እንዲህ አለች በል።

ሚልኪያስ፦ ጎበዝ ነበሩ እትዬ።

ዘነበወርቅ፦ ነበርኩ። አሁን አርጅቼ ነው። ስማ፣ የውጭው በር ነው። የዘርጋው ከዘራ ነው፣ አውቀዋለሁ። ሲስተርም አብራው ናት፣ ድምፅዋ ይሰማኛል። ቶሎ በል፣ ምን ወሰንክ? በጓዳው በር መውጣት ትችላለህ፤ አሞት ቀረ እላቸዋለሁ። ስልኩም ይኸው። እንዲህ ሰምተህም ልሂድ ካልክ እደውልልሃለሁ፣ ክፉ ቃልም አልናገርም።

ሚልኪያስ፦ ብሄድ መድኃኒቱን የሚገዛው ማነው?

ዘነበወርቅ፦ እሱን አንተ ነህ የምታውቀው።

ሚልኪያስ፦ ፖስታውን አሁን ብቀበልስ? በግልጽ፣ እንደ ሰው። ጠረጴዛው ይቅር።

ዘነበወርቅ፦ አሁንማ ፖስታ ብትቀበል ዘርጋው ስምንት ወር ሙሉ ያዋረድከው ያህል ነው የሚሰማው። ስንት ነገር አስመስሎልሃል። እንዳወቅህ እንዳያውቅ፤ ይሄን ቃል ትገባልኛለህ። ሲስተርም እንዳታውቅ። ተቀምጠህ እንደ ሁልጊዜህ መጫወት ነው።

ሚልኪያስ፦ እስከ መቼ?

ዘነበወርቅ፦ እናትህ እስካለች።

ሚልኪያስ፦ ደብዳቤውን እዚህ ልተወው። ምድጃ ውስጥ ይጨምሩልኝ።

ዘነበወርቅ፦ ደግ አደረግህ። ክብሪቱን ሰብስብ፣ እንዳያዩት። መጣሁ ዘርጋው፣ ቆይ፣ ቁልፉን ላምጣ።

ሚልኪያስ፦ እትዬ፣ ሳይከፍቱላቸው አንድ ነገር ይንገሩኝ።

ዘነበወርቅ፦ ምንድን ነው? ቶሎ በል።

ሚልኪያስ፦ ዛሬ ስንት ላሸንፍ?